እናቴ ጌታን ያገኘችበት ዓመት

በቅርቡ ለጤና ምርመራ ደም ልሰጥ ሄጄ፣ ነርሷ ክንዴን በአልኮል በነከረችው ጥጥ ስትጠርግልኝ እናቴ ሸተተችኝ። ሌላ ሰው እናቱን በቅቤ ወይም በአሪቲ ሽታ ያስታውስ ይሆናል። የእኔ እናት በልጅነቴ የምትሸተው አረቄ ነበር። ነርሷ ፊቴን አይታ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። መርፌውን ገና አላነሳችም ነበር።

የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከደሴ ወልድያ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ መጋረጃ ለሁለት ይከፍላታል። ከመጋረጃው ወዲህ አግዳሚ ወንበሮችና ጠጪዎች፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችንና እኔ። እናቴ ደብሬ አረቄውን ጓሮ ራሷ ታወጣው ነበር። ጥንስሱ የተሞላው እንስራ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ፣ ውሃ ውስጥ በተነከረው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ጥሩ መውጣቱን ለማወቅ ትቀምሳለች። ጠዋት ትቀምሳለች፤ ቀትር ላይ ትቀምሳለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከተቀመጡት መሀል ማን ጠጪ ማን ባለቤት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። እኔን ስታረግዝ አባቴ የሚባለው ሰው ጠፋ፤ የእሷ አባት ደግሞ «ከደጄ እንዳላይሽ» አሏት። በሆዷ ይዛኝ ሐይቅ ወረደች። ይህን የነገረችኝ ሰክራ ሳለች ነው። ሳትሰክር ስለ አገሯ አንድ ቃል አይወጣትም። ከቆመ መኪና ሬዲዮ የአምባሰል ቅኝት ሲሰማ ግን ሥራዋን ታቆማለች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ትጠብቅና «ምን ትገተሪያለሽ፣ ሂጂ ውሃ ቅጂ» ትለኛለች።

ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ነበረች፤ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ የምትኖር፣ ዓሣ ጠብሳ መንገድ ዳር የምትሸጥ ሴት። አረቄ ስላለ ቤታችን እግሯን አታስገባም። እኔን ግን በጓሮ በኩል ጠርታ ቆሮሶ ዓሣ ታበላኛለች። «ብይ፤ እሾሁን ተጠንቀቂ። እናትሽን አላህ ይመልሳት» ትለኝ ነበር። የሚመልሳት ከየት እንደሆነ አይገባኝም ነበር፤ እናቴ የትም አልሄደችም።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት በነበረው ክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ከገበያ ስትመለስ አስፋልቱ ዳር ወደቀች። ዝናቡ ይወርድባታል፤ እኔ እጇን ይዤ እጎትታለሁ። ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ዞረዋት ያልፋሉ። የሚያውቋት ሰዎች አይተዋታል፤ ስለሚያውቋት ነው ያለፏት። ከዚያ አንዲት ሴት ቆመችና ጃንጥላዋን ለእኔ አስያዘችኝ፤ ራሷ በእናቴ ብብት ገብታ አነሳቻት። ጭቃው ነጠላዋን አበላሸው። ቤት ወስዳ አጠበቻት፤ ጸጉሯን ሳይቀር። ስትጨርስ ልብሷን ጨምቃ «ነገ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

ይህች ሴት እትዬ ብርቄ ነበረች። በማግስቱ መጣች፤ ከዚያም እየመላለሰች መጣች። እኔ የመጸዳጃ ቤት የምትፈትሽ የጤና ሠራተኛ መስላኝ፣ ድምፅዋን በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ውሃ በጆግና ሳሙና አስቀምጥ ነበር። አንድም ቀን አላየችልኝም። ከእናቴ ጋር ተቀምጣ ቀስ ብላ ታወራለች፤ አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና ታወራለች፤ ያኔ እናቴም ትጨፍናለች። አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ጸጉሯን አበጥራ አብራት ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ከጠጪዎቹ አንዱ «ደብሬ ጌታን አገኘች አሉ» ሲል ሰማሁ። ሌላው «እንዲህ ነው እንግዲህ፤ እኛን ልትተወን ነው» አለ። ሳቁ።

በእኛ አገር ጌታ የሚባለው ወይ ሀብታም ሰው ነው፣ ወይ እትዬ ሐዋ ለዱዓ የምትሄድባቸው ዓይነት ታላቅ ሼህ ናቸው። እናቴ ሀብታም ባል አገኘች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ልብሷን ቶሎ ቶሎ ታጥባለች። መጋረጃውን አውርዳ ለብቻው ዘፈዘፈችው። ሥራ ላይ ሆና የማላውቀው ዜማ በአፍንጫዋ ታዜማለች። እትዬ ብርቄም «ይወድሻል፤ እንዳለሽ ይወድሻል» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እማ፣ ጌታ መኪና አለው?» አልኳት አንድ ቀን።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «የዓለም መኪና ሁሉ የእሱ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል።

የመናኸሪያው ባለቤት ነው አልኩ በልቤ።

ሰውየውን ሳላየው ቤታችን እንዲገባ ስላልፈለግሁ አንድ ረቡዕ ተከተልኳት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ የጭቃ ቤት ገባች። በመስኮቱ ሳይ በላስቲክ ወንበር የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ይዘምራሉ፤ እናቴ መሀላቸው ቆማ ታለቅሳለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የመታት መሰለኝ። በሩን ገፍቼ ገባሁና «እናቴን ማነው የመታት?» አልኩ።

መዝሙሩ ቆመ። ከፊት የተቀመጡ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ተነሱ። «ማንም አልመታትም፣ ልጄ።»

«ጌታ የቱ ነው?»

አንዳንዶቹ አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ከግድግዳው ጥግ ወንበር አንስተው ከእናቴ አጠገብ አኖሩልኝ። «ተቀመጪ። ይሄ ወንበር ያንቺ ነው፤ ከእናትሽ ጋር በመጣሽ ቁጥር እዚሁ ትቀመጪያለሽ። ስለ ጌታ ደግሞ ቀስ ብለን እንነግርሻለን» አሉኝ። ጋሽ ይማም ይባላሉ፤ የእትዬ ብርቄ ባል ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የጸሎት ቤቱም ሽማግሌ። የትም ቤት ከመጋረጃ ወዲያ ተብዬ የምላክ ልጅ ስለነበርኩ፣ ከትልልቅ ሰዎች እኩል ወንበር ሲሰጠኝ የት ማየት እንዳለብኝ ጠፋኝ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ እጄን ያዘች። ስለ ጌታ የነገሩኝን ያን ቀን ብዙም አልተረዳሁም። ባል አለመሆኑን ግን ተረዳሁ። ደስ አለኝና ትንሽ ደግሞ ከፋኝ፤ መኪናውን ተስፋ አድርጌው ነበር።

እናቴ አረቄ ማውጣት የተወችው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አላዘዛትም። አንድ ጠዋት ያለውን ሁሉ ጓሮ ደፋችው፤ ጥንስሱንም ጭምር። የእትዬ ሐዋ ዶሮዎች ጥንስሱን ለቀሙት። ብዙ ሳይቆይ አውራ ዶሮው አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ መጮኽ ጀምሮ መሀል ላይ ይረሳዋል። ዶሮዎቹ እየተንገዳገዱ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

እትዬ ሐዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። «አንቺ ደብሬ፣ ዶሮዬን ሐራም አስነካሽው! ምን ብዬ ላርደው ነው?»

«ደፍቼው ነው እትዬ ሐዋ። ተውኩት።»

«ምኑን ነው የተውሽው?»

«አረቄውን። ድኛለሁ።»

እትዬ ሐዋ ዶሮዎቹን አየች፤ እናቴን አየች። «አልሐምዱሊላህ» አለች በቀስታ። ከዚያ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገባች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ዙሪያውን ቃኘች። «ለካ ቤትሽ ሰፊ ነው» አለች።

«ድኛለሁ» ማለቷ ግን ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ምክንያቱም የታመመችው ከዚያ በኋላ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ የበላችው አይረጋላትም። ወባ መሰለኝ። የጸሎት ቤቱ ሴቶች ተራ ገብተው አስታመሟት። አንዷ አጥሚት ስታመጣ ሌላዋ አንሶላ ታጥባለች። ያን ያህል ሰው ለእኛ ብሎ ቤታችን ሲገባ አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት የሚመጣው ሁሉ የሚመጣው ለአረቄው ነበር።

ስትነሳ ምን ሠርተን እንደምንበላ አታውቅም ነበር። መላውን ያመጣችው እትዬ ሐዋ ናት። «ከእኔ ጋር ዓሣ ጥበሺ» አለቻት። «ሥጋ ቢሆን የእስላም የክርስቲያን እንባባል ነበር። ዓሣ ምን ባራኪ አለው? ከውሃ ሲወጣ ያለቀለት ነው። ማንም ይበላዋል።» እንዲህ ሆኖ አንድ ብረት ድስት ላይ ሁለት ሴቶች ጠባሽ ሆኑ። እኔ ቅርፊት እፍቃለሁ።

መስከረም ላይ እናቴ ወደቀች። ድሮ ደንበኛዋ የነበረ ሰው ለበዓል ብሎ ጋበዛት፤ አንድ ብቻ ብላ ጀመረች። ሁለት ቀን ጠጣች። ሲለቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እሑድ ደረሰ፤ አልተነሳችም። «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እነሱ ንጹሕ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። እኔ አበቃ ብዬ ነበር። ወንበሬን ለሌላ ልጅ የሰጡብኝ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይማም መጡ። አልገቡም፤ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ከከረጢታቸው ሱሪ አወጡና መዘምዘም ጀመሩ። እናቴ ካልጋዋ ሆና ትሰማለች።

«ወንበርሽ ትናንት ባዶ ነበር» አሉ መርፌውን እያዩ። «ሰው አላስቀመጥንበትም።»

መርፌው ውስጥ አዲስ ክር አስገቡ።

«እኔ ሦስቴ ነው የወደቅሁት፣ ደብሬ። በኔ ጊዜ የሚፈልገኝ ሰው ስላልነበር ለመመለስ ብዙ ፈጀብኝ። አንቺ እንደዚያ እንዳትቆዪ ብዬ ነው።» ሱሪውን ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና አጣጥፈው ያዙት። «በይ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ብርቄ ሽሮ ሠርታለች።»

እናቴ ተነሳች። ጸሎት ቤቱ ስንደርስ የተቆጣት የለም፤ የመከራትም የለም። እትዬ ብርቄ ሽንኩርት አቀበለቻትና «እስኪ ላጪልኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እናቴ አረቄ ቀምሳ አታውቅም።

በጥቅምት ጦርነቱ ቀረበ። ከሰሜን በኩል ሰው በመንገዱ ሙሉ ይወርዳል፤ በአይሱዙ፣ በአህያ፣ በእግር፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት። ትምህርት ቤታችን በተፈናቃይ ስለሞላ ተዘጋ። ጸሎት ቤቱም ወንበሮቹን ደራርቦ ለሰው ቦታ ለቀቀ። እናቴና ሴቶቹ ትልቅ ድስት ጥደው ያበላሉ። ከአስፋልት ዳር ተነስታ የመጣችው እሷ፣ አሁን ከመንገድ ሰው እየደገፈች ታስገባ ነበር። ሥራዋን ስትሠራ እመለከታት ነበር፤ ፈጥና የምትሄድ፣ ድምፅዋ የሚሰማ ሴት ሆና ነበር።

አንድ ቀን ካፊያ ሲጥል አንድ ሽማግሌ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ተቀምጠው አየሁ። ጠፈጠፉ ጉልበታቸው ላይ ይወርዳል፤ አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠምጥሟል። ምግብ ወሰድኩላቸው።

«የማን ቤት ነው ይሄ?» አሉኝ።

«የጌታ።»

«የየትኛው ጌታ?» ወደ ውስጥ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። «የጴንጤ ነው፣ አይደል? እዚሁ ይሻለኛል። አልገባም።» ሳህኑንም አልተቀበሉኝም።

እናቴን ልጠራ ዞርኩ። ድስት ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ድስቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ደብሬ?» አሉ ሽማግሌው።

«አባ።»

እናቴ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና የእግራቸውን ጨርቅ መፍታት ጀመረች። ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። ሽማግሌው ከላይ ሆነው አናቷን ያያሉ። ቆይተው «ልጅቷ ያንቺ ናት?» አሉ።

«የእኔ ናት። ማስተዋል ትባላለች።»

ተመለከቱኝ። «አፍንጫዋ የእናቴ ነው» አሉ።

ጸሎት ቤቱ አልገባም ስላሉ ወደ ቤታችን ወሰድናቸው። አያቴ አያ አበጋዝ አንድ ቀን ቢመጡ ከደጅ የሚያባርሩን መስሎኝ ኖሬ ነበር፤ መጥተው ግን አግዳሚያችን ላይ ተኙ። ከተኙ በኋላ ዓይናቸው የእናቴ አንገት ላይ አረፈ።

«ማተብሽስ?»

እናቴ ውሃ እያሞቀች ነበር። «አባ፣ ማተቡ አንገቴ ላይ እያለ እሰክር ነበር። ክሩን አላማም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ያኔ ማተብሽስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደህና ነሽ ወይ ያለኝም አልነበረም።»

አያቴ ፊታቸውን አዞሩ።

በዚያው ሰሞን የከተማው ሰው ወደ ደሴ መሸሽ ጀመረ። እትዬ ብርቄ ሕፃናት የያዙትን ተፈናቃዮች ይዛ ሄደች። ጋሽ ይማም ግን «ልብስ የሰጡኝ ሰዎች ሳይወስዱ የት እሄዳለሁ?» ብለው ቀሩ። እኛ የአያቴ እግር ስለማያስኬድ ቀረን። እትዬ ሐዋም «እናንተ ካላችሁ እኔስ?» ብላ ቀረች። ተኩሱ ከተራራው ወረደ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ከዚያ ታጣቂዎቹ ገቡ።

ከዚያ በኋላ መብራት የለም፤ ወፍጮ የለም፤ ስልክ የለም። እናቴና እትዬ ሐዋ ገብስ በእጅ ይፈጫሉ። ዓሣ አጥማጆቹ አልፎ አልፎ በጓሮ ዓሣ ያደርሱናል። አያቴ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አዙረው ይጸልያሉ። እናቴ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ ትጸልያለች። እትዬ ሐዋ ከግድግዳው ወዲያ ትሰግዳለች። የነቢያት ጾም ሲገባ አያቴ ዓሣውን እምቢ አሉ። እናቴ ተጨነቀች። እትዬ ሐዋ ቆሎ ቆልታ አምጥታ «አያ፣ ይሄ ጾም አይሽርም፤ ይቃሙ» አለቻቸው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሩን ገፍተው ገቡ። «አረቄ የሚሸጥበት ቤት ይሄ ነው ተብለናል» አለ ከፊት ያለው።

«ነበር» አለች እናቴ። «ትቻለሁ።»

«አረቄ የሚተው አለ እንዴ?»

አያቴ ከአግዳሚው ቀና አሉ። «እውነቷን ነው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጠብታ አላየሁም። ከፈለጋችሁ ፈትሹ።»

ፈተሹ። እንስራውን አሸተቱት፤ ገብስ ነበረበት። መጋረጃውን ገልጠው አልጋችንን ገለበጡ። እኔ የአያቴን ጋቢ ይዤ ቆሜያለሁ። ብርድ ልብስና የተረፈንን ዘይት ይዘው ወጡ። ያን ቀን ከመናኸሪያው ማዶ አረቄ ያለበት ቤት አገኙ፤ እዚያው ተቀምጠው ዋሉ። ከዚያ ቤት የሰማነውን ጩኸት እናቴ እስከ ዛሬ አታወራም። ማታ ብቻ፣ በጸሎቷ መሀል፣ የዚያን ቤት ሴት ስም ስትጠራ እሰማት ነበር።

በማግስቱ አያቴ «ያንን ልብስ ሰፊ ጥሩልኝ» አሉ። ጋሽ ይማም መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ይማም ነው ስምህ? እስላም ነህ?»

«አባቴ እስላም ነበሩ፣ እናቴ ክርስቲያን።»

«የወሎ ነገር» አሉ አያቴ። «ሃይማኖታችሁን አልወደውም።»

«አውቃለሁ፣ አያ።»

«በአባቶቼ ነው የምሞተው። ግን እሷን እኔ ከደጄ አባረርኳት፤ እናንተ ከመንገድ አነሳችኋት። ይህን ሳልናገር ብሞት ይጠይቀኛል። እግዜር ይስጥህ።»

እናቴ ጓሮ ሆና ትሰማ ነበር፤ የወፍጮ ድንጋዩ ድምፅ ቆመ። ጋሽ ይማም የአያቴን ኮት እጅጌ ይዘው አዩት። «ያውልቁት እስኪ» አሉ። «ብብቱ ተቀዷል።»

በኅዳር መጨረሻ ታጣቂዎቹ ወጡ። የሸሹት ከደሴ ተመለሱ፤ እትዬ ብርቄም መጣች። የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ ተበሳስቷል፤ ዕቃው ተወስዷል። የመጀመሪያው እሑድ ሁሉም መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀመጠ። አያቴ ከዘራቸውን ይዘው እስከ በሩ ሸኙን፤ አልገቡም። ስንወጣ ግን እዚያው ቆመው አገኘናቸው።

እግራቸው ሲድን ወደ አገራቸው ልንሸኛቸው ተነሳን። እስከ ውጫሌ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። እናቴ መንገዱን ሳትጠይቅ ታውቀዋለች፤ ምንጩ የት እንደሆነ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ። ወደ መንደሩ ስንቃረብ ግን እርምጃዋ እየቀነሰ መጣ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ከመንደሩ መግቢያ ዋርካው ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ብዙ ሰው ሞቶ ስለነበር ለቅሶ አላቋረጠም ነበር። አያቴን ሲያዩ ብድግ አሉ። አንድ ሽማግሌ እየሮጡ መጥተው አንገታቸውን አቀፉ። «አያ አበጋዝ! እኛ እኮ አልቅሰን ጨርሰን ነበር። የት ከረሙ?»

አያቴ ወዲያው አልመለሱም። ዞር ብለው አዩ። እናቴ ከኋላ፣ ከሰው ራቅ ብላ ቆማለች። ከዘራቸውን መሬት ተክለው ጠበቋት። እኔ እጇን ይዤ ሳብኳት። አጠገባቸው ስንደርስ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«ልጄ ቤት» አሉ።